የአባቴን ጋቢ ያጠብኩ ዕለት

እርጥብ ጎማ ሲሸተኝ የፊት ጥርሴን ያመኛል። ጥርሱ እኮ የለም! የሌለ ጥርስ እንዴት ያማል ብለህ እንዳትጠይቀኝ ልጄ፣ እኔም አላውቅም። ትናንት ጥጉ ላይ ያለችውን አሮጌ ማጠቢያ ማኪና ውሃ አጠጥቼ ስሞክራት፣ ፈትቼ አጠገቧ ያስቀመጥኩት የልብስ መጭመቂያዋ ጎማ ረጠበና ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቀኑን ሙሉ ድዴን ይዤ ዋልኩ።

እንደምታየው ግቢዬ ማኪና ብቻ ነው። ሰባት ማጠቢያ፣ ሁለት ማድረቂያ። አንዱ ከሆቴል የተጣለ፣ አንዱ ከቆራሌው ያስጣልኩት፣ ሌላው ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ቤት ጓዳ የወጣ። አንደኛው ማድረቂያ ውስጥማ ዶሮዬ እንቁላል ታቅፋበታለች። ጎረቤቶቼ "አሮጊቷ ለየላት" ይላሉ። ይበሉ! እኔ መጭመቂያ ያላት ማኪና አለች ከተባለ አዲ አርቃይም ቢሆን እሄዳለሁ። አምጥቼ ደግሞ መጀመሪያ የማደርገው ልብሱን መሐላቸው ስበው የሚጨምቁትን ሁለት ጎማዎች ፈትቶ ማውጣት ነው። ሰው እንዳትይዝ።

በንጉሡ ጊዜ፣ ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ ጎንደር ፒያሳ አንድ ላውንደሪ ነበር። እዚያ ስቀጠር አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ባለቤቱ ሙያውን አሥመራ የተማረ፣ ቁጡ ግን ሆደ ቡቡ ሽማግሌ ነበር፤ አያ እለዋለሁ። ሌላዋ ሴት ቀሃ ወንዝ ወርዳ ጋቢ በእንዶድ ስትረግጥ፣ እኔ ማኪናዬን አስነሥቼ እጄን አጣምሬ እቆማለሁ። ኩራቴን ብታይ! አያ ሁለት ነገር ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል። "እንዶድ እዚህ ውስጥ እንዳትጨምሪ፣ አረፋው መውጫ ያሳጣሻል" ይለኛል። ደግሞም፣ "ጎማው ጣትሽን ከያዘሽ አትጎትቺ። ይቺን ብረት ምቺያት፣ ይለቅሻል።"

አባቴ ወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፣ በድንበር ጠብ ነው የተገደለው። ገዳዩ ጎረቤታችን ነበር፤ ማሳችን ይዋሰናል። የተገደለበትን ጋቢ እናቴ አላጠበችውም። በእኛ ቤት ደም ሳይመለስ የደም ልብስ አይታጠብም። ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ስድስት ዓመት ኖረ፤ ከመድረቁ የተነሣ ንፋስ ሲነካው ይንኳኳል። እኔና ወንድሜ እራታችንን የበላነው ከሥሩ ተቀምጠን ነው።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አዘዞ ድንጋይ ይጠርብ ነበር። ሳቂታ ነው፣ ሸጋ ልጅ። እናቴ ሲስቅ ካየችው "አመልማሎ ላምጣልህ? ከእኔ ጋር ትፈትላለህ!" ትለዋለች። ሳቁ ያኔውኑ ይቆረጣል።

አንድ ጠዋት፣ ጥምቀት ደርሶ የሰው ልብስ እንደ ጉድ የጎረፈልን ሰሞን፣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ጀርባዋ ላይ ጥቅል፣ ትከሻዋ ላይ የአባቴ ምንሽር።

"ሰውዬው ዛሬ ችሎት አለው፤ ከተማ ገብቷል" አለችኝ፣ ሰላምታም ሳትሰጠኝ። "ወንድምሽን አስጠርቼዋለሁ። ይሄን ለብሶ ይሄዳል።"

ጥቅሉ ምን እንደሆነ በሽታው አወቅኩት።

"እማ፣ ይሰቅሉታል እኮ!"

"ይስቀሉት። የአባቱን ደም መልሶ ሞተ ይባላል። ሂጂ ውስጥ አስቀምጪው፣ ሰው እንዳያየው።"

እሷ ጠመንጃውን ታቅፋ ደጃፍ ተቀመጠች። እኔ ገብቼ በሩን ቀረቀርኩ።

ደሙ ከሌለ ደመኛነቱም ይቀራል ብዬ ነው ያሰብኩት። የልጅ ነገር! ወንድሜን ለገመድ መስጠት አልቻልኩም፣ በቃ። ጋቢውን ማኪናው ውስጥ ከተትኩት። ሳሙናው ምንም አላደረገው፤ ስድስት ዓመት የከረመ ደም ነው። አንዲት ደንበኛ ረስታው የሄደችው የተወቀጠ እንዶድ ጥጉ ላይ ነበር። ሁሉንም ገለበጥኩበት።

ወይኔ ጉዴ! አረፋው ተነሣ፣ ቀይ አረፋ። ከገንዳው ገንፍሎ ወለሉን ሞላ፣ አልፎም በበሩ ሥር ወደ ደጅ ወጣ። እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ የባሏ ደም እግሯ ሥር ሲመጣ አየች።

በሩን በሰደፍ ገንጥላ ስትገባ እኔ ጋቢውን መጭመቂያው ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ግማሹ ነጥቶ በወዲያ በኩል ወጥቷል። "የባሌን ደም! የባሌን ደም ደፋሽው!" ጠመንጃውን ጥላ ወዲህ የቀረውን ጫፍ ያዘች፤ ቀኝ እጇ ላይ ጠመጠመችና ወደ ኋላ ሳበችው። ማኪና ሰው አያውቅም። ጋቢውን ሲውጥ ጣቷን፣ መዳፏን፣ አንጓዋን አብሮ ዋጠ። አጥንቷ ሲሰበር ሰምቻለሁ። እሷ ግን አልጮኸችም፤ በግራ እጇ ፊቴን ትመታኝ ጀመር። ቀኟ እየተፈጨ በግራዋ ትመታኛለች!

እኔም ብረቱን ረሳሁት። አትጎትቺ የተባልኩትን በሁለት እጄ ጎተትኩ። ቆዳዋ ተገፎ እጄ ላይ ቀረ። አያ ከኋላ ክፍል ሮጦ መጥቶ ብረቱን ባይመታው ክንዷም አይተርፍም ነበር።

ወንድሜ የደረሰው ይሄኔ ነው። ያየው ቀይ ወለል፣ የተንጠለጠለ የእናቱን እጅ፣ አጠገቧ ደግሞ የማያውቀውን ሰው ነው። ምንሽሩን ከመሬት አንሥቶ አያ ደረት ላይ ደገነው።

"አንተ ነህ!"

"እኔ ነኝ!" ብዬ መሐል ገባሁ። "ጋቢውን ያጠብኩት እኔ ነኝ! እጇንም ያስበላሁት እኔ ነኝ!"

በሰደፉ አፌን አለኝ። ጥርሴ ያኔ ነው የወለቀው። ወድቄ ቀና ስል አፈሙዙ ግንባሬ ላይ አረፈ።  እናቴ በዚህ መሐል ራሷን ስታ አረፋው ላይ ተዘረጋች። ጠመንጃውን ጣለና ተሸክሟት ወደ ሆስፒታል ሮጠ።

የአባቴ ገዳይ ችሎቱን ጨርሶ በሰላም አገሩ ገባ። የእናቴ እጅ ከአንጓው ተቆረጠ። ወንድሜ ከአልጋዋ ሥር ሦስት ሳምንት አልተነሣም። ከዚያ ሽማግሌና ቄስ ገቡበት፣ መስቀል መሐል አድርገው ከገዳዩ ጋር አስታረቁት። "ምነው ታረቅህ?" ብዬ ብጠይቀው "ደከመኝ" አለኝ። 

እናቴ ግን ዳግመኛ አላየችኝም። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ወገራ እወጣለሁ፤ ፊቷን ታዞርብኛለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ለሰው "ሴት ልጅ አልወለድኩም" ትላለች። በግራ እጇ ስትበላ አይቼ አንጀቴ አልችል ብሎ ጉርሻ ብዘረጋላት አፏን ትገጥማለች። ድንጋይ ተሸክሜ ደጇ ላይ ተንበርክኬያለሁ። ብትገድለኝ ይሻለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ስለ እጇ ዛሬም አለቅሳለሁ። ጋቢውን ግን አሁንም ባገኘው አጥበዋለሁ።

ወንድሜ አግብቶ ወንድ ልጅ ወለደ። ለክርስትናው ሄድኩና እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቋል። እናቴ ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋ፣ በጉማጇ ደግፋ ከጓዳ ወጣች። የሚስቱ ዘመዶች እጃቸውን ዘረጉ፤ አለፈቻቸው። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ልጁን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ጭንቅላቱ እንዳይዘነበል ክንዴን በጉማጇ ገፋ አድርጋ አስተካከለችልኝ። ዓይኔን አላየችም።  ተመልሳ ጓዳ ገባች።

ከዚያም በኋላ አላናገረችኝም። በሚቀጥለው ክረምት ሞተች።