ፀሐይ ያልጠጣው አገዳ

ባለፈው ሰኞ ከግብርና ጽሕፈት ቤት የሚመጣው ልጅ ከማሳችን አንድ የበቆሎ አገዳ ቆርጦ በቢላዋ ሰነጠቀው። ውስጡ ቀልቷል፤ ትሉ ተጋድሟል።

«እማማ፣ የዚህ ትል ቤቱ ቆላ ነበር። አሁን ሌሊቱ ሞቀለትና እናንተም ጋ ወጣ» አለኝ።

 ያንን ትል አውቀዋለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ይሆናል፤ ልጃገረድ ነበርኩ። ጦርነቱ ወደ ወሎ እየቀረበ ሳለ መንግሥት አዲስ አዋጅ አወጣና፣ በግድ ከሰፈርንበት መንደር ወጥተን ወደየማሳችን እንድንመለስ ተፈቀደ። አባቴ አምባሰል ላይ በአሮጌው ቦታችን ጎጆ ቀለሰ። ለግድግዳው አገዳ ስለጠፋ፣ እኔና ወንድሜ ሰይድ አህያ እየነዳን ከሐይቅ በታች ቆላ ወዳለችው አክስታችን ወረድን። ሚያዝያ ነበር፤ አቧራው ከያዝነው ንፍሮ ጋር ጥርሳችን ላይ ይንቋቋል። ሐይቁ ከሩቅ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል።

አክስቴ የማሽላውን አገዳ ስትጭንልን፣ «ይኸ በጋውን ቆሞ የከረመ ነው፤ ትል አለበት። መሬት ላይ አንጥፉትና ወር ሙሉ ፀሐይ ይጠጣ። ሰማሽ?» አለችኝ።

ሰይድ ሳቀ። «ደጋ ምን ትል አለ? ብርዱ ይጨርሰው የለም እንዴ!»

«አንተን ያልጨረሰ ብርድ ትሉን ሊጨርስ?» አለችው።

ስንመለስ ደመናው ከብዷል። አባቴ ዝናቡ ሳይቀድመን ግድግዳውን ለማቆም ቸኮለ። እኔም በሰው ቤት ጥግ መተኛት ሰልችቶኝ ነበር። አክስቴ ያለችውን አልነገርኩትም። በሁለት ቀን ግድግዳው ቆመ፤ የተረፈውን አገዳ አጥር አደረግነው።

የዘራነው ዘንግዳ፣ የደጋው ማሽላ፣ ጉልበት ድረስ አማረ። ከዚያ የመሐል ቅጠሉ ይደርቅ ጀመር፤ ሲስቡት እንደ ክር ይመዘዛል። ጎረቤቶች «ዓይን ነው» አሉ። አባቴ ሽማግሌዎች ጠርቶ ዱዓ አስደረገ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ።

በጥቅምት አባቴ ጠዋት ጠዋት እየወጣ ሣሩን በእጁ ይዳብስ ነበር። «ውርጩ ዘንድሮ የት ገባ?» ይላል።

ያጨድነው ገለባ ነው። ሰይድ ሐይቅ ወርጄ የጉልበት ሥራ ልፈልግ አለ። ያኔ ከገበያ ወጣት እያፈሱ ወደ ጦር ሜዳ ይጭኑ ነበር።

«አትሂድብኝ» አለችው እናቴ።

«አብሽሪ እምዬ፣ ሁለት ገበያ ብቻ ነው።»

በሦስተኛው ገበያ አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ መኪና ላይ ሲጭኑት እንዳየው ነገረን። ከዚያ ወዲህ ወሬውንም አልሰማን። እናቴ ስትጮህ እኔ አላለቀስኩም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። እሷም ዓይን በላን እንዳለች ሞተች።

ሰኞ ዕለት ያን የግብርና ልጅ፣ «ሰው በአገዳ ተሸክሞ ቢያመጣውስ?» አልኩት።

«ያመጣዋል። ባያመጣውም ቢራቢሮ ሆኖ ይበራል፤ ሙቀቱ ከተመቸው ማን ይመልሰዋል?»

ደረቴ ላይ አንድ ነገር ቀለል እስኪለኝ ጠበቅሁ። ምንም የለም።

ትናንት የበኩር ልጄ፣ በቆሎው እንደማይሆን አይቶ፣ ኮምቦልቻ ወርዶ ሥራ ሊፈልግ ተነሣ። ዘንድሮም ጦርነት አለ፤ የወጣ ልጅ መመለሱን አላህ ነው የሚያውቀው። አስቀመጥኩትና ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ፣ አገዳውንም ዱዓውንም ሰይድንም፣ ነገርኩት። አንዴም ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«እሺ እማ፣ አልሄድም» አለ። ጫማውን እያወለቀ ደግሞ፣ «ታዲያ ምን እንበላለን?»