አካፋው የነበረበት ቦታ

«ሦስተኛ ጉድጓድማ አይቆፈርም! ማሎ ጋሼ፣ ጎደሬዬን ጨረሱት እኮ! ቧንቧ ነው ወይስ ጎደሬ የሚለቅሙት?»

የቤቱ ባለቤት ናቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው የሚጮኹት። አባቴ ሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆሟል። እግሩ ሥር ያለው ቧንቧ ደህና ነው፤ ጠብታ እንኳ የለውም።

«እዚሁ ነው እትዬ፣ ሰምቼዋለሁ። ትንሽ ወደ ግራ ነው።»

«ቅድም ትንሽ ወደ ቀኝ ብለው አልነበር? ግድግዳዬ ከሥሩ እየሟሟ ነው፣ እርስዎ እዚህ ይቆፍራሉ!»

እኔ ዶማውን ተደግፌ ከጉድጓዱ አፍ ቆሜያለሁ።

እዚህ መቱ ከተማ የሚያፈስ ቧንቧ በዓይን አይገኝም። ሌላ አገር መሬቱ ይረጥባል፣ ሣሩ ለብቻው ይለመልምና ያሳብቃል። እኛ ጋ ዝናቡ ብዙውን ወር ስለማይለቀን ሁሉም እርጥብ፣ ሁሉም ለምለም ነው። ስለዚህ ቧንቧ የሚፈለገው በጆሮ ነው። የግቢው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው አሁንም ከዞረ፣ ቀጭን የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ይሰካል፤ ጫፉ ላይ ጆሮ ይደረጋል። «ጤነኛው ዝም ይላል፤ የተቀደደው ያንሾካሹካል» ብሎ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ ከጎሬም ከቡሬም እየመጡ ይወስዱት ነበር።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን ቤታችን ውስጥ የሬዲዮኑ ድምፅ በየሳምንቱ እየጨመረ ሄደ። እሱ ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ በዚያ ፈንታ ዘዴ ፈጠርኩ። ሥራ ስንሄድ እሱ ከሰዎቹ ጋር ሰላምታ እስኪጨርስ ቀድሜ አዳምጥና፣ ድምፁ ያለበት ቦታ ላይ አካፋውን እንደ ዋዛ አጋድሜ እተዋለሁ። እሱ ግቢውን ዞሮ ዞሮ ዘንጉን እዚያው አካባቢ ይሰካል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ «እዚህ» ይላል። እንቆፍራለን፣ ውሃው ይገኛል። ቦታው ላይ ከቆመማ ይሰማዋል ማለት ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

በዚያ ጠዋትም አካፋውን ግድግዳው ሥር፣ በሩ አጠገብ አጋድሜ ዶማውን ከመጣንበት ባጃጅ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ አባቴ ጎደሬው መሃል ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። አካፋው እዚያው አጠገቡ ተሰክቷል። ማን እንዳነሳው አልገባኝም። እንዲሁ መቆፈር ጀመርኩ።

ሴትዮዋ አሁን ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ብትሆን ሥራ አታውቅም! አካፋ በር ላይ አጋድሞ መሄድ ምን ይሉታል? ልደፋልህ ነበር። አንስቼ ጎደሬው ውስጥ የሰካሁት እኔ ነኝ!»

ይህን ያሉት ጮኸው ስለነበር አባቴም ሰማ። ያየው ግን እሳቸውን አይደለም፤ እኔን ነው። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ እንኳ እንደዚያ አፍሮ አያይም። ያን ጊዜ ገባኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። በዘንጉ ምንም አልሰማም፤ በየሰው ግቢ ዓይኑን ጨፍኖ የቆየው አካፋዬን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ግድግዳው ግን እውነትም እየሟሟ ነበር።

«በሩ አጠገብ ነው፣ ግድግዳው ሥር» አልኳቸው ቀስ ብዬ። «ቅድም ሰምቼዋለሁ።»

«ምን አልክ?» አለ አባቴ።

«በሩ አጠገብ ነው።»

«ምን?»

«በሩ አጠገብ ነው፣ አባዬ! አንተ አልሰማኸውም!»

ጮህኩ። በአጥሩ ማዶ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት ቀና አለች። ሴትዮዋ እጃቸውን ከወገባቸው አወረዱ፤ ድምፃቸውም ወረደ። «ጋሼ፣ ኧረ ይውጡና አረፍ ይበሉ። ጎደሬው እንደሆነ ይበቅላል…» ለእሱ እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ከሚያናግሩት ቢሰድቡት ይሻል ነበር።

እጄን ዘረጋሁለት። አልያዘኝም። በሁለት እጁ አፈሩን ተደግፎ በዝግታ ወጣ። ቀይ ጭቃ የለበሰ ሱሪውን አላራገፈም።

«ቧንቧውን ስትገጥመው ጥርሱ ላይ ቃጫውን አጥብቀህ ጠምጥም» አለኝ። «አንተ ሁልጊዜ ታላላዋለህ።»

ከዚያ ሴትዮዋን ጎንበስ ብሎ ተሰናበተና በተቆፈረው ጎደሬ መሃል እየተጠነቀቀ አለፈ። የግቢውን የቆርቆሮ በር ከፍቶ ወጣ፤ ከውጭ በኩል ሳብ አድርጎ ዘጋው።