የእማማ ሱንዶክ ጋን

የእማማ ሱንዶክ ባል የተቀበሩ ዕለት፣ አስከሬኑ ከግቢ ሲወጣ ዝናብ ጠብ አለ። እማማ ለቅሶውን አቋርጠው፣ ጫማቸውን ጥለው ወደ ጓሮ ሮጡ። የጋኑን ክዳን ሊገጥሙ ነው። እኛ ተሸካሚዎቹ ሬሳውን ይዘን ቆመን ጠበቅናቸው። ከባድ ሰውዬ ነበሩ።

ጋኑ ውስጥ ያለው ጋንጃንግ ነው፤ ሾርባ የምናጣፍጥበት ጥቁር የአኩሪ አተር ውሃ፣ ከአማታቸው የወረሱት። በየዓመቱ አኩሪ አተር ቀቅለው፣ ወቅጠው፣ እንደ ጡብ ጠፍጥፈው እስኪሻግት ይሰቅሉታል። ከዚያ ጨው ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉትና የወጣውን ጥቁር ውሃ አሮጌው ላይ ይጨምሩታል። ሱቅ ከሚሸጠው የበለጠ ጨዋማ ነው፤ ለአንድ ድስት አንድ ማንኪያ ይበቃል። ፀሐይ ሲወጣ ይከፈታል፣ ሲደምን ይከደናል። የጋኑ ሆድ ላይ ከነጭ ወረቀት የተቆረጠ ካልሲ ተገልብጦ ተለጥፏል፤ ክፉ ነገር እንዳይጠጋው። ክፉ ነገር ካልሲ ለምን እንደሚፈራ አላውቅም፤ እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው።

የቤቱ ጋንጃንግ ጣዕሙ ከተለወጠ ከዚያ ቤት ሰው ይጎድላል ይባላል። እማማ ሱንዶክ ይህን እንደ ሕግ ነው የሚያምኑት።

አምና አንድያ ልጃቸው ሀክሱ ጉበቱን ታሞ ከተማ ሆስፒታል ገባ። ሐምሌ ላይ፣ አንድ ፀሐያማ ጠዋት፣ ጋኑን እንደከፈቱ ስልክ ተደወለላቸው። እንደተከፈተ ትተውት በአውቶቡስ በረሩ። ከሰዓት ዶፍ ወረደ። እኔ ጎረቤቱ ተኝቼ ነበር።

ሲመለሱ ጋኑ እስከ አፉ ሞልቷል። አፈሉት፣ ጨው ጨመሩበት፣ አጠለሉት። ለሀክሱ ልደት፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ የባሕር ሣር ሾርባ ሠሩበትና ጠሩኝ።

«ማንሶክ፣ ና ቅመስ። የኔ ምላስ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።»

«ታዲያ እስካሁን በምን ነበር የሚያበስሉት?»

«እጄ ያውቃላ! ቅመስ ስልህ ቅመስ።»

ቀመስኩ። ጨው አለው፤ ሌላ ምንም የለውም።

«እንደ ድሮው ነው» አልኩ። «እንዲያውም ይጣፍጣል።»

አፈጠጡብኝ። «ሠላሳ ዓመት እኔ ቤት በልተሃል። አንድ ቀን ጣፈጠኝ ብለህ ታውቃለህ?»

«ዛሬ ጀመርኩ።»

«ሂድ ወዲያ! ውሸታም።»

ሾርባውን በፔርሙስ ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ሲመለሱ በረንዳቸው ላይ ጠበቅኳቸው።

«በላ?»

«ሁለት ማንኪያ።»

«ምን አለ?»

«‹እንደ ድሮው ነው፣ እማዬ› አለ።» ፔርሙሱን አስቀመጡት፤ ከባድ ነበር። «ድሮ ሲዋሸኝ ጆሮው ይቀላ ነበር። አሁን ጆሮውም ቢጫ ሆኗል፤ በምን ልወቅ?»

«ሐኪሙስ ምን አሉ?»

«ሐኪሙ እንደናንተ አይዋሽም።»

እማማ ተነስተው ጋኑን ከፈቱ፤ ወረቀቱን ካልሲ ላጡና ኪሳቸው ከተቱት። ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

ወዲያው ደመነ። መጀመሪያ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ብዙ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ክዳን ለመሮጥ ተነሳሁ።

እማማ እጅጌዬን ያዙኝ።

«ቁጭ በል። መሮጥ ያን ጊዜ ነበር።»

ቁጭ አልኩ። ዝናቡ ጋኑ ውስጥ ሲወርድ እያዳመጥን፣ የተረፈውን ሾርባ ለሁለት ጠጣነው።