የባለመብረቁ እህት

ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት፣ አዋሳ ውስጥ ከምንም ነገር አስበልጬ የተመኘሁት አንዲት በርጩማ ነበር። ጥሩ ውጤትም እፈልግ ነበር፤ የመምህራኖቼንም ምስጋና እፈልግ ነበር። ግን ክፍል ውስጥ ስለ አፈር ዓይነቶች ሲነገረኝ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ዝም ብሎ አልቀመጥ የሚለኝ በርጩማዋን እያሰብኩ ነው።

በርጩማዋ ያለችው በምሥራቅ በኩል ከሚገኝ አንድ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ፣ ቀድሞ መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነበር። የሱቁ ባለቤት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የስልጤ ሴት ናቸው። ወንድማቸው ቴሌቪዥንና ዴክ ሲያመጣላቸው የጨርቁን ጥቅል ወደ አንድ ጥግ ገፍተው፣ አግዳሚ ወንበር ደርድረው፣ መጋዘኑን ቪዲዮ ቤት አደረጉት። ፊልሞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ተመልካቹ ግን በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ ወይም በጉራጊኛ አፉን የፈታና አማርኛን ገበያ ላይ የለመደ ሰው ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጥና የፊልሙ ሰዎች የሚሉትን ጮክ ብሎ በአማርኛ ይናገራል። ክፍሉ ውስጥ ከፊልሙ ድምፅ ይልቅ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነው።

እኔ ስደርስ አስተርጓሚው አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። ሰው ከፊልሙ ይልቅ እሳቸውን እየጠቀሰ ያወራል። ከሁሉም የሚወራው ደግሞ ባለመብረቁ ስለሚባለው ፊልም ነው። እኔ አላየሁትም፤ ከመምጣቴ በፊት ዴኩ ካሴቱን በልቶት ነበር። ግን ከሰማሁት ብዛት ያየሁት ያህል አውቀዋለሁ። ባለመብረቁ ከተቃጠለ ኮከብ ወደ ምድር የወደቀ ሰው ነው። ከመዳፉ መብረቅ ይወጣል። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እሳቱ ውስጥ ቀርታበታለች፤ ትሙት ትዳን አያውቅም። ጠላት ሊጥለው ሲል ድምፅዋን ይሰማል፣ «ተነስ፣ አንተ ልጅ» ትለዋለች፣ ይነሳል።

ጥር ላይ መምህሩ ወደ አንድ የሰፈራ ጣቢያ ተመድበው በድንገት ሄዱ። በርጩማዋ ባዶዋን ቀረች። በዚያው ሰሞን ባለመብረቁ በሌላ ተዋናይ እንደ አዲስ ተሠርቷል፣ ካሴቱም ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ደረሰ።

የዚህ ወሬ ክርክር የሚደረገው ከጉዱማሌ ሜዳ ወረድ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ብስክሌት የሚጠግን አንድ ሰው ዘንድ ነበር። ሰውየው ከቡሹሎ መንደር በየቀኑ በብስክሌት የሚመላለስ፣ የቪዲዮ ቤቱ የፊት አግዳሚ ደንበኛ ነው። ዋና ተቃዋሚው ደግሞ ዶርም የምንጋራው የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ስለሆነ «ፍሬሽ» እያለ ይጠራኛል፤ የውጭ መጽሔት ከየትም ፈልጎ ያነባል።

«ውጭ አገር እንዲህ ነው የሚሠራው» አለ የዶርሜ ልጅ። «ታሪኩ ያው፣ ተዋናዩ ሌላ። የበፊቱ አርጅቷል።»

«ባለመብረቁ ያረጃል እንዴ?» አለ ብስክሌት ጠጋኙ፣ ከጎማው ላይ ቀና ሳይል።

«ተዋናዩ ነው ያረጀው!»

«ተዋናዩን እኔ አላውቀውም። እኔ የማውቀው ባለመብረቁን ነው። ሰው ሲታመም ይከሳል፣ ሲደላው ይወፍራል። አፍንጫው ይለወጣል?»

«እንደ ቲያትር አስበው እስቲ። ንጉሡን ዛሬ አንዱ ይሠራዋል፣ ነገ ሌላው።»

«ይሁን፣ ፊቱን እንለምደዋለን። እህቱስ? አዲሱ ላይ እህቱ አለች ወይስ የለችም? እሷ ከሌለች እኔ አልገባም፤ ወንዶች ሲደባደቡ ማየት ብፈልግ አውቶቡስ ተራ እሄዳለሁ።»

ሰው ሳቀ። የዶርሜ ልጅ ግን አልሳቀም። የድሮውን እሱም አላየውም ነበር። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስንጠየቅ ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያ እናያለን፤ እዚያ ዛፍ ሥር ግን ስለ አንድ ሰው አፍንጫ ጎረምሳውም አባወራውም እየጮኸ ይከራከራል። እኔ ሁለቱንም ወገን ደስ ለማሰኘት ለዚህም ለዚያም አንገቴን እነቀንቅ ነበር። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነው። በማግስቱ እትዬ ዘንድ ሄድኩ።

«እንግሊዝኛ ትችላለህ?» አሉኝ፣ ጨርቅ እየለኩ።

«እችላለሁ፣ እትዬ።»

«እሱንማ ተማሪ ሁሉ ይላል። ሰው ታስለቅሳለህ?»

«እሞክራለሁ» አልኳቸው።

«ቅዳሜ የባለመብረቁ ካሴት ይመጣል። ሰው ከወደደህ በርጩማዋ ያንተ ናት። ካልወደደህ ግን እንዳትቀየመኝ፣ ልጄ።»

እስከ ቅዳሜ ድረስ አልተቀመጥኩም። መዝገበ ቃላት ይዤ ሐይቁ ዳር እመላለሳለሁ፣ ለዓሣ አስጋሪዎቹ ጀርባዬን ሰጥቼ ብቻዬን በሁለት ድምፅ እናገራለሁ። ፊልሙን አስቀድሜ ማየት ብችል ጥሩ ነበር፤ ግን ካሴቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ደርሶ ወዲያው ይታያል፣ ማታውኑ ወደ ሻሸመኔ ያልፋል። አስተርጓሚም ከተመልካቹ እኩል ነው የሚያየው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሞልቶ ሰው በሩ ላይ ቆመ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። ብስክሌት ጠጋኙ የፊት አግዳሚ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ የዶርሜ ልጅ ከኋላው። ፊልሙ ጀመረ። አዲሱ ባለመብረቅ ጠጉሩ ቀላ ያለ፣ ጎበዝ ሰው ነበር። ከተመልካቹ መሀል የቅሬታ ድምፅ ተሰማ። እኔ በጥንቃቄ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር አስተረጎምኩ። ጥቂት ቆይቶ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ሰው ሲያስል፣ አንዱ ሲያዛጋ ሰማሁ።

ያን ጊዜ ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት በአንድ መሣሪያ ላይ አጎንብሳ ታየች። ባለመብረቁ በሩን ከፍቶ ሲገባ ቀና አለችና ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እህቱ ናት?» አለ ብስክሌት ጠጋኙ። በለሆሳስ ነው የጠየቀኝ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ።

ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ያለችው መሣሪያውን እንዳይነካ ነበር። እኔ ግን የሰዎቹን ፊት አየሁ። እህት እንዳለችው ደግሞ ከአንድ ሰው ብቻ አይደለም የሰማሁት፤ ከተማው ሁሉ ነው የነገረኝ። እሷ ካልሆነች ማን ልትሆን ነው?

«እህቱ ናት» አልኩ።

ጭብጨባው ጣሪያውን አነሳው። «ብዬ ነበር!» እያለ ብስክሌት ጠጋኙ ወደ ዶርሜ ልጅ ዞረ። እኔም ልቤ ሞላ፤ ሴትዮዋ ስለ መሣሪያው በተናገረች ቁጥር «ስንት ዘመን ፈለግሁህ» ይላል አፌ፣ «ከስተሃል፣ አይበሉህም እንዴ እዚህ?» ይላል። ኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴት ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ሰው አስለቀስኩ ማለት ነው። እትዬ በሩ ላይ ሆነው ይሄን ባዩልኝ ብዬ ዞር ስል የሉም። ሱቁ ውስጥ ገዢ መጥቶባቸው ነበር።

የእትዬ መኖር ለሌላም ነገር ያስፈልግ ነበር። ፊልም ውስጥ ወንድና ሴት ሊሳሳሙ ሲቀራረቡ እሳቸው ከበሩ ፈጥነው መጥተው ሻሻቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ይጥላሉ፤ ሲያልፍ ያነሳሉ። ማንም አይቀየማቸውም። ያን ቀን ግን ሻሹ ዘገየ። ባለመብረቁ የሴትዮዋን ፊት በሁለት እጁ ያዘ። እህትና ወንድም ናቸውና ማንም አልጠረጠረም። ከዚያ ከንፈሯን ሳማት።

እትዬ ሮጠው መጥተው ሻሹን ሲጥሉ ነገሩ ሁሉ ታይቶ አልቋል። ሁሉም ሰው ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ ዞረ።

ብስክሌት ጠጋኙ ብድግ አለ።

«ሰርጎ ገብ ነው!»

በሬዲዮ ጠዋት ማታ የምንሰማው ቃል ነበር።

«ፊቱን ሳየው ብያችኋለሁ! አፍንጫው አይደለም ብያለሁ! ይሄ የባለመብረቁን ልብስ የሰረቀ ሰርጎ ገብ ነው!»

«ሴትዮዋስ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«እሷም ናት! ሁለቱም ተልከው ነው! ተማሪው፣ እንደዚያ አይደለም የሚሉት?»

ሻሹ ገና አልተነሳም። እኔም በርጩማዋን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ «አዎ፣ አሁን ገና አመኑ» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ፊልም የእኔና የብስክሌት ጠጋኙ ነው። ባለመብረቁ ከሚፈርስ ድልድይ ላይ ሕፃናት ሲያወጣ «ሕዝብ ለማታለል ነው» አልኩ። ቤቱ በፉጨት ተናጋ። ክፉው ሰው ሲመታው ተጨበጨበ። መጨረሻ ላይ የከተማው ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ እጁን ሲያነሳለት፣ የእኛ ሰው በንዴት ተንጫጫ፤ ከዚያ ስሞች መውረድ ሲጀምሩ ጫጫታው ቀዘቀዘ።

«እውነተኛውስ?» አሉ ዓይናቸውን ሲጠርጉ የነበሩት ሴት።

«አልመጣም» አልኩ።

ሰው ሳያወራ ወጣ። እትዬ ካሴቱን በጋዜጣ እየጠቀለሉ፣ «ከቤቴ ሰው እንደ ለቅሶ ቤት ወጣ» አሉኝ። «ልትቀመጥባት ነው ወይስ ልትነሳ፣ እኔም አላወቅሁም። ሰዉ የሚለውን ልስማ።»

የዶርሜ ልጅ በሩ ላይ ጠበቀኝ። እንግሊዝኛውን ስለሚያውቅ ምንም አልተደበቀውም።

«ፍሬሽ፣ ፊልሙን ገደልከው። ስንት ጊዜ የጠበቅሁትን! ባለመብረቁ ድልድዩ ላይ ምን ብሎ እንደተናገረ ሰምተሃል? ልስማ ብል አንተ ትጮህብኛለህ።»

«ምን ነበር ያለው?»

«ተወው» አለና ጥሎኝ ሄደ።

ከእሱ ቁጣ የባሰብኝ ግን የብስክሌት ጠጋኙ ነገር ነው። በነጋታው ሻሸመኔ በብስክሌት ሄዶ ፊልሙን ዳግም ሊያይ መሆኑን ለሰው ሁሉ ተናግሯል። እዚያ ሌላ አስተርጓሚ አለ፤ ያ ሰው በትክክል ካስተረጎመ በርጩማዋ ብቻ ሳትሆን በዚያ ዛፍ ሥር ማለፍም ይቀርብኛል። እሑድን ከሐይቁ ወደ ዶርም፣ ከዶርም ወደ ሐይቁ ስል ዋልኩ። ለፈተና ይዤ የወጣሁትን መጽሐፍ አንድም ገጽ ሳልገልጥ መለስኩት።

ሰኞ ከትምህርት ስወጣ እግሬ ራሱ ወደ ዛፉ ወሰደኝ። ብስክሌት ጠጋኙ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ ይፈልጋል። በዙሪያው የተለመዱት ሰዎች አሉ፤ የዶርሜ ልጅም ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ሄድክ?» አልኩት።

«ሄድኩ እንጂ። የሻሸመኔው አስተርጓሚ ሴትዮዋን ምን ቢላት ጥሩ ነው? እጮኛው!»

የዶርሜ ልጅ ፈገግ አለ።

«ሰውየውም እውነተኛው ባለመብረቅ ነው አለ። ሰዉ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። እኔ ብቻዬን ተቆጥቼ ወጣሁ።»

«ታዲያ የሻሸመኔው ልክ ነዋ!» አለ የዶርሜ ልጅ።

«ልክ?» ጎማውን ከውኃው አወጣና አራገፈው። «እህቱን የት ጥሎ? በፊልሙ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ስሟን አላነሳም። የመጀመሪያውን ያላየ ሰው እንዴት ሁለተኛውን ያስተረጉማል? ሻሸመኔዎች ፊልሙን አበላሽተውታል።» ወደ እኔ ቀና አለ። «ይሄ ልጅ ልጅ ነው፣ ድምፁም ቀጭን ነው፤ ግን ታሪኩን ያውቃል። ለእትዬም ነግሬያቸዋለሁ።»

የመጀመሪያውን እኔም እንዳላየሁት ሁሉም ያውቁ ነበር። ማንም አላነሳውም።

የዶርሜ ልጅ እየሳቀ ወደ እኔ ተጠጋ። «መምህሩ እህቲቱን ከራሳቸው ፈጥረዋት ቢሆንስ፣ ፍሬሽ?» አለኝ በጆሮዬ። ያን እስኪለኝ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። አሁንም ቢሆን አላውቅም፤ ካሴቱ ተበልቷል፣ መምህሩ ሩቅ ናቸው።

በቀጣዩ ቅዳሜ በርጩማዋ ላይ ስቀመጥ ማንም አልከለከለኝም። ያን ቀን የመጣው የፈረስና የሽጉጥ ፊልም ነው፣ ከባለመብረቁ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እትዬ ካሴቱን ዴኩ ውስጥ ሊከቱ ሲሉ ከፊት አግዳሚ የብስክሌት ጠጋኙ ድምፅ መጣ።

«ተማሪው፣ ስለ እውነተኛው ወሬ አለ?»

ክፍሉ ሁሉ ጠበቀኝ። የዶርሜ ልጅም ጭምር፣ ከኋላ ሆኖ።

«እህቱ እየፈለገችው ነው» አልኩ።

«እሰይ» አሉ ያን ቀን ዓይናቸውን ሲጠርጉ የነበሩት ሴት፣ እትዬም ካሴቱን ገፉት።