ጫማዎን ራስዎ ያስራሉ?

መዝጋቢዋ የምትሠራው ከአጥንት ሕክምናው ጀርባ፣ ጀሶ ከሚቆረጥበት ክፍል አጠገብ ነው፤ የመጋዙ ጩኸት ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ዳሌያቸው ወይም ጉልበታቸው በቀዶ ጥገና ለተቀየረላቸው ሰዎች በየዓመቱ እየደወለች እንዴት እንደሆኑ ትጠይቃለች፤ መልሳቸውን ለጥናት በተዘጋጀው የኮምፒውተር መዝገብ ታስገባለች። ሲያዩት ቀላል ሥራ ነው። ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው ስትላቸው ግን ግማሾቹ «ተመስገን ነው» ይሏታል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ተመስገን የሚባል ቁጥር አያውቅም። ስለዚህ ወሬያቸውን ታዳምጣለች፣ ታስቃቸዋለች፣ እያዋዛች ቁጥሯን ትወስዳለች።

አንድ ቀን ዳሌያቸው ከተቀየረ ሁለት ዓመት ለሞላቸው አናጺ ደወለች። ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው።

«እሱማ አረፈ፣ ልጄ። ልቡ ነው አሉ።»

መዝጋቢዋ ክው አለች። አጽናንታቸው ልትሰናበት ስትል ሴትዮዋ «ጥያቄውስ?» አሏት። «ስልክሽን ሲጠብቅ ነበር እኮ። ጠይቂኝ፣ እኔ እመልስልሻለሁ።»

ለሞተ ሰው የሚሞላ ጥያቄ የለም፤ «አርፏል» የሚለውን ተጭኖ መዝጋት ብቻ ነው። እምቢ ለማለት ግን አንጀቷ አልቻለም።

«ደረጃ ይወጡ ነበር፣ እማማ?»

«ደረጃ ትያለሽ! ጣሪያ ላይ እየወጣ ነፍሴን ሲያወጣት ነበር እንጂ።»

«ጫማቸውንስ ራሳቸው ያስሩ ነበር?»

«እኔ ነኝ የማስርለት» አሉ ሴትዮዋ። «መቻሉንማ ይችል ነበር። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ጀመርኩና በዚያው ለመድነው። ጎንበስ ስል እጁን አናቴ ላይ ጣል ያደርጋል። ዳንክ ብዬ ልተወው? ነገሩን እሱም አላነሳው፣ እኔም አላነሳሁት።»

ስልኩን ዘግታ የአናጺውን የአምናውን መልስ አወጣች። «ጫማዎን ራስዎ ያስራሉ?» ለሚለው «አላስርም» ብለው ነበር። መዝገቡ ይህን የቆጠረው አለመቻል ብሎ ነው።

ለአጥንት ሐኪሙ ነገረችው። ከት ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። ተነጋግረው ጥያቄውን «ቢፈልጉ ራስዎ ማሰር ይችላሉ?» አደረጉት።

«የሰውየውንስ እናስተካክለው?»

«ቃላቸው ነው፣ አንነካውም» አለች። «ደግሞ አልዋሹም።»

ከዚያ በኋላ አላስርም ላሉት ሁሉ እንደገና ትደውልላቸው ጀመር። አንዳንዶቹ ተሰላቹ፣ አንዳንዶቹ በእርግጥም ወገባቸው አልታጠፍ ብሏቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እችላለሁ» አሏት። «ብቻ እሷ እንዳትሰማ።»