ድራሆሚራና የዓርቡ ስብሰባ

ድራሆሚራ ኩባቶቫ ቁመቷ አንድ ሜትር ከዘጠና ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ በከተማችን የስፖርት ማኅበር አዳራሽ የቅርጫት ኳስ ያስጨበጧት ለቁመቷ ብቻ ብለው ነበር፤ ጨዋታውን የለመደችው ኋላ ነው። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት በአንደኛ ዲቪዚዮን ተጫወተች፤ ለቼኮስሎቫኪያ ብሔራዊ ቡድን አርባ ጊዜ ተሰለፈች። የጉልበቷ ጅማት ሁለቴ ከተበጠሰ በኋላ፣ ላሰልጥን ብትል የትልቋ ከተማ የብርኖ ክለቦች በደስታ ይቀበሏት ነበር። እሷ ግን ወደዚህችው የሞራቪያ ትንሽ ከተማ ተመልሳ የእኛን ሴት ልጆች ማሰልጠን ያዘች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። እኛም እንደ መብታችን ቆጠርነው። የአዳራሹን የእንጨት ወለል እንኳ በየነሐሴው ተንበርክካ ሰም የምትቀባው እሷው ነበረች፤ በዚያ ጉልበቷ።

ኋላ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቭላስቲሚል ህኒዝዲል አዳራሹ ለምንጣፍ ነጋዴ መጋዘን ይሁን የሚል ሐሳብ አመጣ። የሚወስነው የአባላት ጉባኤ ነው፤ የመጣ እጁን ያወጣል፣ የቀረ አፉን ይይዛል። ድራሆሚራ ቤት ለቤት ዞረች። ስልሳ አንድ ሰው እንመጣለን አላት፤ እኔም ብያለሁ። ሊቀ መንበሩ ስብሰባውን በመስከረም አንድ ዓርብ ከሰዓት ላይ ሲጥለው እንኳ አልጠረጠረችም። ረዳቷ ሮስቲስላፍ ቀኑን አስለውጪ ቢላት፣ "ለገዛ ልጆቻቸው እኮ ነው፤ አንድ ዓርብ ወደ ገጠር ጎጆአቸው ሳይሄዱ ቢቀሩ አይሞቱም" ብላ ዝም አሰኘችው።

ዓርብ ከቀትር ጀምሮ ሰው ሁሉ ወደ ገጠር የዕረፍት ጎጆው በሚወጣበት በዚህ አገር ዓርብን ማመን! ያን ሳምንት ሦስት ቀን ዘንቦ ሐሙስ ፀሐይ ወጣች፤ እንጉዳይ ፈላ። ዓርብ ቀትር ላይ ከተማው እንጉዳይ ሊለቅም ቅርጫቱን ይዞ ወደ ጫካና ወደየገጠር ጎጆው ነጎደ። እያንዳንዱ፣ ሌሎቹ ይገኛሉ፣ የኔ አንድ እጅ ምን ታጎድላለች ብሎ ነው።

ዘጠኝ ሰው ተገኘ። ህኒዝዲል ባዶ ወንበሮቹን በዓይኑ ዞረና፣ ስሟን አቆላምጦ፣ "ድራሃ፣ ቡድንሽ ተቀያሪ የለውም እንዴ?" አላት። ከዘጠኙ ስድስቱ ለመጋዘኑ እጃቸውን አወጡ። በር ላይ የተኮለኮሉት ልጆች ዕድሜያቸው ስላልደረሰ አይቆጠሩም። አምበሏ ሊቡሼ ናት የጠየቀችው፦

"አሰልጣኝ፣ ሰኞ ልምምድ የት ነው የምንሠራው?"

"የትም።"

እሑድ ከጎጆ ስንመለስ ወሬውን ሰማን፤ አፈርን። ያፈረ ሰው ምን ያደርጋል? የእኛ ሰው እንጉዳይ ይሰጣል። አሥራ ሰባት ከረጢት በበሯ እጀታና በአጥሯ ላይ ተንጠልጥሎ አደረ። የእኔም አለበት። ደወሏን የነካ፣ ዓይኗን ያየ ግን አንድም የለም።

ሳትከፍተው ቆየ። ሲተላና ሲሸት ጊዜ በባልዲ እየሰበሰበች ጓሮ ደፋችው። በኅዳር የአዳራሹ ወለል ተነቀለ። ከአሥራ አራቱ ልጆች ሁለቱ በአውቶቡስ ሌላ ከተማ እየሄዱ ይጫወታሉ፤ ሌሎቹ ትተውታል። እሷ መዋኛው በር ላይ ትኬት ትቆርጣለች።

በቀደም የሊቡሼ እናት ፖስታ ቤት አገኘቻትና፣ "አሰልጣኝ፣ ለመሆኑ እንጉዳዩ እንዴት ነበር?" አለቻት።

"ይጣፍጥ ነበር፣ አመሰግናለሁ" አለችና ተራዋ ሳይደርስ ወጥታ ሄደች።