ለንጋት የተመረጠች ጫማ

በአሰብ ሙቀት እግር ያብጣል፤ ስለዚህ ጫማ የሚገዛ ሰው ከሰዓት በኋላ፣ እግሩ ካበጠ ወዲያ ነው የሚለካው። በደርግ ጊዜ በነዳጅ ማጣሪያው ስሠራ ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ለሠራተኞች ሩጫ ከአንድ መርከበኛ የገዛኋትን እንደ ላባ የቀለለች ጫማ ግን ሆን ብዬ ጠዋት ለካኋት። የምንሮጠው ፀሐይ ሳትወጣ ነው፤ እግር ላይ የምትላወስ ጫማ ደግሞ ፍጥነት ትሰርቃለች፤ ጥብቅ ትበል አልኩ። ሰፊውን የሸራ ጫማዬን ቤት ጣልኩት።

በንጋት ተሰለፍን። ሩጫውን የሚያስጀምሩት ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እየመጡ ነው፣ ጠብቁ ተባልን። የአሰብ ፀሐይ ደግሞ ባለሥልጣን አትጠብቅም። አስፋልቱ ጋለ፤ የእግሬ ጣቶች እርስ በርስ መረጋገጥ ጀመሩ። ማሰሪያውን ላላላ ጎንበስ ስል ሰልፉን የሚቆጣጠረው ካድሬ "ቀጥ በል!" ብሎ ጮኸብኝ። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

አውሮፕላኑ ያረፈው ረፋዱ ላይ ነው። ባለሥልጣኑ የሰልፈኛውን እጅ እየጨበጡ እኔ ጋ ሲደርሱ ወደ እግሬ አዩና ፈገግ አሉ።

"ጓድ፣ በዚህ ጫማማ ማን ይቀድምሃል!"

እኔ የማስበው ያለ መቀስ እንዴት እንደማወልቃት ነበር።